በደጋ ከተማ ቃሪያን በቤት ውስጥ ስለ ማብቀል



ቃሪያ ጥንተ አገሩ ሞቃቱ የአሜሪካ ምድር ስለሆነ ብርድ አይወድም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው በአዲስ አበባ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚዘሩት ብዙዎች ዘሩ አልበቅል ሲላቸው «ዘሩ ክፉ ነው» ብለው ይተዉታል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሙቀት ማነስ ነው።

ዘሩ ፈጥኖ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ግን እምብዛም አይበቅልም። ስለዚህ በስሎ ከቀላው ፍሬ ዘር መርጦ፥ ታቹ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሳያስጠልቁ መዝራትና ሞቅ ባለ የወጥ ቤት ጥግ ማኖር ይገባል። አፈሩም ይራስ እንጂ ጭቃ አይሁን፤ ውሃ የበዛበት ቡቃያ ከግንዱ ሥር በስብሶ ይወድቃልና።

በሞቀ ስፍራ በ10 ቀን ገደማ፥ በቀዘቀዘው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይበቅላል። ቡቃያው ብቅ ባለ ዕለት ፍላጎቱ ይለወጣል፤ እስከዚያ የፈለገው ሙቀት ሲሆን፥ ከዚያ ወዲያ የሚሻው ብርሃን ነው። በጨለማ ከቆየ ቀጥኖ ይዘናፈላልና፥ ሳይውል ሳያድር ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ይዛወር።

ጓሮ የሌለው የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን፥ ይህን ከጠበቀ የገበታውን ቃሪያ ከመስኮቱ ይቀጥፋል።