የረግረግ ጋዝ ስለሚበሉ ረቂቃን ተሐዋስያንና በላቦራቶሪ ስለሚራቡበት መንገድ

ከብቱን ይዞ ውሃ ወደ ተኛበት ረግረግ የወረደ እረኛ በትሩን በጭቃው ውስጥ በሰካ ጊዜ፥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ ያያል። የዚህ አረፋ አብዛኛው ክፍል ሜቴን የሚባል ጋዝ ነው፤ ቀለምና ሽታ የለውም፤ እሳት ሲነካው ግን ይነዳል። የሚፈጠረውም ሣርና ፍግ አየር በማይደርስበት ስፍራ ሲበሰብስ ነው። በሚያመሰኳ ከብት ሆድ ውስጥም እንዲሁ ይፈጠርና ከብቱ ባገሳ ቍጥር ወደ ውጭ ይወጣል።

እንግዲህ ይህ ጋዝ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ከምድር የሚወጣ ከሆነ፥ በአየር ውስጥ ብዙ ሆኖ የማይገኘው ስለ ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ የተነሣው በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ በመምህር ቤየሪንክ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሶንገን ነው። እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ሜቴንን ምግቡ አድርጎ የሚኖር ባክቴሪያ ለይቶ ማግኘቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ነገሩ ችላ ተብሎ ቈየና በ1970 ዊተንበሪና ባልደረቦቹ በብሪታንያ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ዘሮች ለይተው ስላሳዩ፥ የሥራው መንገድ ለሁሉ ተከፈተ።

ሥራው የሚጀምረው ከጭቃ ነው። ከረግረግ ወይም ከሩዝ እርሻ ላይ የላይኛው ጭቃ በጥቂቱ ይወሰዳል፤ ከጥልቁ አይቀዳም። ይህ ወገን ከሜቴን ጋራ ኦክስጅን የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ የሚሰፍረው ከታች የሚወጣው ጋዝ ከላይ ከሚገባው አየር ጋራ በሚገናኝበት ድንበር ላይ ነውና። ከዚህ በኋላ ጭቃው በጠርሙስ ከተዘጋጀ ውሃ ጋራ ይደባለቃል። በውሃውም ናይትሬት፥ ፎስፌት፥ ማግኔዝየም፥ ካልሲየም፥ ጥቂት ብረትና እጅግ ጥቂት መዳብ ይጨመርበታል፤ ስኳርና የሥጋ መረቅ ግን ፈጽሞ አይገባበትም። ጥበቡ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በማዕዱ ላይ ከሜቴን በቀር የሚበላ ካልቀረበ፥ ሜቴን መብላት የማይችለው ይራባል፤ የሚችለው ይበዛል።

ጠርሙሱ የሚሞላው እስከ አምስተኛው እጅ ያህል ብቻ ነው። አፉ በጎማ ውታፍ ከተዘጋ በኋላ በመርፌ ጥቂት አየር ይወጣና በምትኩ ሜቴን ይገባል። ከዚያም በ30 ዲግሪ ሙቀት እየተነቀነቀ ይቈያል። ሜቴን በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ስለ ሆነ፥ ካልተነቀነቀ ተሐዋሲው ምግቡ ከራሱ በላይ ሳለ ጦሙን ያድራል። ከጥቂት ቀኖች ወይም ሳምንቶች በኋላ ውሃው ይደፈርሳል። ይህን ጊዜ፥ የቤት እመቤት ለሚቀጥለው ቡሆ እርሾ እንደምታስቀር፥ ከደፈረሰው ጥቂት ተቀድቶ ወደ አዲስ ጠርሙስ ይተላለፋል። ሜቴን ከአየር ጋራ ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ በተደባለቀ ጊዜ እሳት ቢነካው እንደ ባሩድ የሚፈነዳ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ስለዚህ በአጠገቡ መብራት አይለኰስም።

አስቸጋሪው ነገር ማጥራቱ ነው። ሜቴን የሚበላው ከሚያፈሰው ትራፊ የሚኖር ጥገኛ ብዙ ነውና፥ ንጹሕ የመሰለው ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ማኅበር ሆኖ ይገኛል። ለመፈተን ጠብታው ሜቴን በሌለበት በሥጋ መረቅ ውስጥ ይጨመራል፤ መረቁ ከደፈረሰ ባዕድ አለበት ማለት ነው።

የመድኀኒቱን ጕድለት ማወቅም ሌላ ፈተና ነው። በኢጣልያ በናፖሊ አጠገብ ሶልፋታራ ከሚባለው ጭስ ከሚወጣበት ምድር፥ እንደ አሲድ በሚያቃጥል ትኩስ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ሜቴን በሊታ መገኘቱ በ2007 ተገልጦ ነበር። የሆላንድ ሊቃውንት የታወቀውን ጨው ሁሉ ቢሰጡትም ደኅና አድርጎ ማደግ እንቢ አለ፤ ከአገሩ ከጭቃው የተቀዳ ውሃ ሲጨመርለት ግን ይበረታ ነበር። በጭቃው ያለው ምን እንደ ሆነ መርምረው፥ ላንታንና ሴርየምን የመሳሰሉት ብርቅ ማዕድናት መሆናቸውን በ2014 አስታወቁ። እስከዚያ ድረስ እነዚህ ማዕድናት ለሕያው ፍጥረት አስፈላጊ ናቸው ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበር።

ጥቅሙን በተመለከተ፥ ከእንግሊዝ አገር ከባዝ ከተማ ፍል ውሃ የተገኘ አንድ ዘር በ45 ዲግሪ ሙቀት ፈጥኖ ይራባል፤ ደርቆ ሲፈጭም ከክብደቱ ከመቶ 70 ያህሉ ፕሮቲን ነው። በኖርዌይ ለዓሣና ለከብት መኖ የሚሆን ፋብሪካ ተሠርቶለት ነበር፤ የጋዙ ዋጋ ግን ሥራውን አላዘለቀውም። ነገሩ ከሳይንስ ይልቅ በሒሳብ የተሸነፈ ነው።

መሬት ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ከዚህ የሚበልጠው ነገር በእግራቸው ሥር ያለው ነው። ውሃ ያልተኛበት የደን አፈር ሜቴንን ከአየር ላይ እየሳበ ይበላል። ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ጋዝ እጅግ የበረታ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለውም መጠን ከ1750 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ በሚገኘው በሃርቫርድ ደን በ1989 እንደ ታየው፥ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የተጨመረበት አፈር የሚበላው ሜቴን አነሰ። አሞንያ በቅርጹ ሜቴንን ይመስላልና፥ ተሐዋሲው የሚበላበት ቍልፍ በእርሱ ይያዛል። ደን ተመንጥሮ በታረሰም ጊዜ ይኸው አቅም ይደክማል። ይህ ማለት ማዳበሪያ ይቅር ማለት አይደለም፤ በ2000 በሩዝ ላይ የተደረገ ምርመራ ተቃራኒውን፥ አሞንያው ሥራቸውን እንዳበረታ አሳይቷልና። አፈር ሁሉ አንድ አይደለም።

የደን አፈር ተሐዋስያንን ማሳደግ ለብዙ ዘመን አልተቻለም ነበር፤ በአየር ያለው ሜቴን ከሚሊዮን እጅ ሁለት እንኳ የማይሞላ ሲሆን፥ ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ግን ለእነርሱ ጥጋብ ነበርና። በ2019 በኖርዌይ በትሮምሶ ከቆሻሻ መጣያ ላይ ከተደለደለ አፈር የተለየ አንድ ዘር፥ በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ወንፊት ላይ ተደርጎ ከተራ አየር ሌላ ምንም ሳይሰጠው ማደጉ ተገለጠ።

ለእንዲህ ያለ ምርመራ አፈር እንዲላክ በተጠየቀ ጊዜ፥ አፈሩ በፀሐይ እንዳይደርቅ፥ በሙቅ መኪና ውስጥም ታሽጎ እንዳይውል መጠንቀቅ ይገባል። ከላይ ያለው ቅጠል ተጠርጎ ከሥሩ ያለው አፈር ይወሰድ። ከረጢቱም ላይ ቦታው ደን ወይም ግጦሽ ወይም እርሻ መሆኑ፥ ማዳበሪያ ተጨምሮበት እንደ ሆነም የተጨመረበት ወርና ዓመት ይጻፍ፤ ይህ ካልተጻፈ መርማሪው በጠርሙሱ ውስጥ ያየውን ከመሬቱ ጋራ ሊያገናኘው አይችልም።