ካርዱ ሳይወጣ ስሎቱ ተሸጠ

ኮምፒውተር ገበያ ውስጥ ወሬ ከዕቃው ቀድሞ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 5.0 ስሎት ያላቸው ማዘርቦርዶች ለገበያ ቀረቡ። ቀጣዩ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድም ይህንኑ ስሎት ይዞ እንደሚመጣ በሰፊው ተወራ። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ግን ባለ 4.0 ሆነ። ባለ 5.0 የሆነው አርቲኤክስ 5090 የመጣው በ2025 ነው። ወሬውን አምኖ ማዘርቦርድ የለወጠ ሰው ካርዱ ላልደረሰበት ፍጥነት ሦስት ዓመት ቀድሞ ከፈለ ማለት ነው።

ለመሆኑ መለወጡ ግድ ነበር? አልነበረም። አዲሱ ካርድ ባለ 4.0 ስሎት ላይም ይሠራል፤ በጨዋታ ላይ የሚታየው የፍጥነት ልዩነትም ጥቂት ነው። ገዥን የሚያስቸግረው ኤሌክትሪኩ ነው፤ 5090 እስከ 575 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም ባለ 1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ስለዚህ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ስሎቱን ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩን ማየት ይበጃል።