ከዳኑ በኋላ የሚመጣው ሽፍታ

ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ ካላ-አዛር የተባለው የተውሳክ በሽታ የያዘው ሰው መርፌውን ጨርሷል። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ያበጠው ጣፊያው ሟሽሿል። ድነሃል ተብሎ ወደ ቀዬው ይሄዳል። ወራት ሳይቆይ በአፉ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣበታል፤ ፊቱን አዳርሶም ወደ ክንዱና ደረቱ ይወርዳል።

ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ ይህንኑ ሽፍታ እ.ኤ.አ. በ1922 ካልካታ ላይ ገልጾታል። ህንድ ውስጥ ግን ከዳኑት መቶ ሰዎች የሚወጣባቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው፤ እሱም ከዓመታት በኋላ። ሱዳን ላይ ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ በአብዛኛውም በ6 ወር ውስጥ። ሽፍታው ሕክምናውን ተከትሎ ስለሚመጣ መድኃኒቱን መጠርጠር ቀላል ነበር።

የእውነተኛው ምክንያት ፍንጭ የተገኘው ግን ሕሙማኑ ገና በካላ-አዛር ተኝተው ሳሉ ከተወሰደ የደምና የቆዳ ናሙና ነው። የሱዳኑ ፓቶሎጂስት አህመድ ኤል-ሐሰን የነበሩበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ በኋላ ሽፍታ የወጣባቸው ሰዎች ኢንተርሉኪን 10 የተባለው ንጥረ ነገር አስቀድሞ በደማቸውም በቆዳቸውም በዝቶ ተገኘ። ይህ ንጥረ ነገር የሰውነትን መከላከያ ያለዝባል። ተውሳኩ ቆዳ ውስጥ የሚደበቅበት ጥላ አገኘ ማለት ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ደግሞ ዝም ብለው የነበሩት የመከላከያ ሴሎች ይነቃሉ፤ የተደበቀውንም ማጥቃት ይጀምራሉ። ፊት ላይ የሚታየው ያ ውጊያ ነው።

ታዲያ መከላከያውን በመድኃኒት ማፈን አይሻልም? እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሁመራና መተማን የሚያውቅ ሰው ይህን አይመኝም። እዚያ ኤች አይ ቪ መከላከያቸውን ያዳከመባቸው የቀን ሠራተኞች ካላ-አዛር ደጋግሞ ሲያገረሽባቸው ታይቷል። የሱዳን ተመራማሪዎች የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው፦ ሽፍታው አልለቅ ካላቸው 30 ሕሙማን ግማሾቹ ከመርፌው ጋር ከሞተ ተውሳክና ከቢሲጂ የተሰናዳ ክትባት ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት፣ በ60ኛው ቀን ክትባት ካገኙት 87 በመቶ፣ መርፌ ብቻ ከወሰዱት 53 በመቶ ድነዋል።

አብዛኛው ሰው በዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይሽረዋል፤ ስለዚህ የሚታከመው ሽፍታው የከፋበት፣ ከ6 ወር ያለፈበት ወይም ዓይኑ የተነካ ነው። ቀድሞ ሕክምናው እስከ ሁለት ወር በየቀኑ መወጋት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2021 በገዳሪፍ ግዛት ዶካ ላይ በ110 ሰዎች ከተሞከሩት አማራጮች አንደኛው፣ የ14 ቀን የፓሮሞማይሲን መርፌ ከ42 ቀን የሚልቴፎሲን እንክብል ጋር፣ በዓመቱ 98 በመቶ ያህሉን አድኗል። ሚልቴፎሲን ግን ጽንስ ይጎዳል፤ ለመውለድ ዕድሜ የደረሰች ሴት እንክብሉን ስትጀምር የወሊድ መከላከያም አብራ መያዝ አለባት።