«ሳይፈልጉ ከስተዋል?»

የምግብ እጥረት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሕፃን ነው። የሕፃኑን ክንድ የሚለካውን ባለቀለም ጥብጣብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ካንሰር የያዘው አዋቂ ሲከሳ ግን «ምን ይደረግ፣ በሽታው ነው» ይባልና ይታለፋል። መታለፍ የለበትም፤ ክሳቱ ራሱ ሊፈለግና ሊታከም የሚገባው ችግር ነው።

ካንሰር ሰውነትን ከሁለት ወገን፣ በበሽታውም በሕክምናውም፣ ያጠቃዋል። በሽታው የሚቀሰቅሰው ብግነት ጡንቻን ያሟሽሻል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ኬሞቴራፒው (ኬሞው) ያቅለሸልሻል፣ አፍ ያቆስላል፣ የምግብን ጣዕም ይለውጣል። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ደግሞ መዋጥን ይከለክላል። አቅሙ የደከመ ታማሚ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፣ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ ኬሞው ሊቀነስበት ወይም ሊዘገይበት ይችላል። ሳይፈልግ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ያጣ ታማሚ አስጊ ደረጃ ላይ ነው፤ 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ57 በታች ወረደ ማለት ነው።

አደጋውን ቀድሞ ለመለየት ከሚያገለግሉት መንገዶች ቀላሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በአውስትራሊያ ይፋ የሆነው የሁለት ጥያቄዎች ልየታ ነው። የመጀመሪያው «ሳይፈልጉ ክብደት ቀንሰዋል?» ይላል። መልሱ «አልቀነስኩም» ከሆነ 0 ነው፤ እስከ 5 ኪሎ 1፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎ 2፣ ከ10 እስከ 15 ኪሎ 3፣ ከዚያ በላይ 4 ነጥብ ይያዛል። ሁለተኛው «ፍላጎት አጥተው ምግብ ቀንሰዋል?» ነው፤ «አዎ» ካሉ 1 ይደመራል። ድምሩ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ታማሚው የአመጋገብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

እንደ ቂሊንጦ ባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ብዙ ሰው ቤቱ ሚዛን የለውም። ልየታው ይህንንም አስቦበታል፤ መቀነሱን እርግጠኛ ላልሆነ ታማሚ 2 ነጥብ ይሰጣል። የቀበቶ ቀዳዳ መጨመርና የቀለበት መላላት ለሐኪም የሚነገሩ ምልክቶች ናቸው። በአንጻሩ ሆድ ወይም እግር ውኃ ሲቋጥር ክሳትን ስለሚሸፍን ሚዛን ብቻውን አይታመንም። ወፍራም ሰውም ጡንቻው ሊሟሽሽ ይችላል። ልየታው አንዴ ተጠይቆ የሚቀርም አይደለም፤ በየቀጠሮው ይደገማል። ከቂሊንጦ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ለጨረር ሕክምና የሚመላለስ ሰው በመንገድና በወረፋ ምግብ ስለሚያልፈው፣ ስንቅ ይዞ መውጣቱ ከሕክምናው ይቆጠራል።

ልየታ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ቀጥሎ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ማቅለሽለሹ፣ ሕመሙ፣ ድርቀቱ፣ ጭንቀቱ ይታከማል። የአውሮፓ የሥነ ምግብ ሐኪሞች መመሪያ ታማሚው በቀን ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ1 ግራም በላይም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመክራል። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ ከ1,500 እስከ 1,800 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ይረዳል፦ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት የገባበት አጥሚት። መዋጥ ያቃተው በቱቦ ሊመገብ ይችላል። ምግብ በመከልከል ካንሰሩን ማስራብ ይቻላል የሚለው ምክር ማስረጃ የለውም፤ የሚራበው ታማሚው ነው። የሚጾም ታማሚ ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ አላት።

ሁለቱን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ማሽን አያስፈልግም፤ ከአንድ ደቂቃም ብዙ አይፈጁም። በቀጠሮው ቀን ባለሙያው ካልጠየቀ አስታማሚው ያንሳቸው፤ መልሳቸውም ካርዱ ላይ ይጻፍ።