ሮሜዎን ከአገሩ ያስወጣው ፍርድ ትክክል ነበርን?

በዚህ ዓመት በእንግሊዝኛ ትምህርታችን የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልዬት» አንብበን በፈጸምን ጊዜ፣ መምህራችን ክፍሉን ከሁለት ከፍለው ክርክር አስገጠሙን። ርእሱም «ሮሜዎ የወዳጁን ደም ሊበቀል ሰው በመግደሉ የተፈረደበት ቅጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። እኔ «ተገቢ ነው» ከሚለው ወገን ተመደብሁ። ተከራከርን፤ እጅ ሲቈጠርም የእኛ ወገን አሸነፈ። ደስ ብሎኝም ሲ.ኤም.ሲ. ወደሚገኘው ቤታችን ገባሁ። ነገር ግን በዚያኑ ዕለት ማታ አያቴ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝና ያን ሁሉ ድሌን አጠፉብኝ። ጥያቄያቸውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ታሪኩን ላላነበቡት ወላጆችና ታናናሽ ተማሪዎች በአጭሩ መግለጽ ይገባኛል።

ታሪኩ የሆነው በኢጣልያ አገር በቬሮና ከተማ ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከአንድ የኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ስለ ሆነ፣ በክፍላችን «ቬሮና እኮ ጎረቤታችን ናት» እየተባለ ብዙ ተቀልዷል። ሼክስፒር ተውኔቱን የጻፈው በ1590ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችንም ዕውቁ ደራሲ ከበደ ሚካኤል በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ አማርኛ መልሰውት ስለ ነበር፣ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን መካከል የሚያውቁት አይጠፉም።

በቬሮና ሞንታግና ካፑሌት የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ቤተሰቦች የቈየ ቂም ነበራቸው። የቂሙ መነሻ ምን እንደ ሆነ ተውኔቱ አንድ ጊዜ እንኳ አይነግረንም። የሞንታግ ልጅ ሮሜዎና የካፑሌት ልጅ ዡልዬት ተዋደው በምስጢር ተጋቡ። ጋብቻው በተፈጸመበት ቀን የዡልዬት አጎት ልጅ ቲባልት ሮሜዎን ለጠብ ፈልጎ መጣ። ሮሜዎ በልቡ «አሁን ዘመዳሞች ሆነናል» ብሎ ስላሰበ፣ ስድቡን ችሎ አልዋጋም አለ። ወዳጁ መርኩሺዮ ግን ይህ ትዕግሥት ውርደት መስሎ ስለ ታየው ሰይፉን መዘዘ። ሮሜዎ ሊገላግል በመካከላቸው ቢገባ፣ ቲባልት በክንዱ ሥር ሰይፉን አሾልኮ መርኩሺዮን ወጋውና ሸሸ። መርኩሺዮ ሞተ። ጥቂት ቈይቶ ቲባልት ተመልሶ ሲመጣ ሮሜዎ በቍጣ ነድዶ ተጋጠመው፤ ገደለውም።

የከተማዪቱ ገዥ መስፍን ኤስካለስ ቀደም ብሎ፣ ዳግመኛ በአደባባይ ሁከት የሚያነሣ ሰው በሞት እንደሚቀጣ አውጆ ነበር። አሁን ቲባልት በወደቀበት ስፍራ ቆሞ የሁለቱን ወገን ቃል ሰማ። የቲባልት አክስት የሆነችው የካፑሌት ሚስት የሮሜዎን ነፍስ ጠየቀች። የሮሜዎ አባት ደግሞ ቲባልት ራሱ ነፍሰ ገዳይ ስለ ነበር፣ ልጁ ያደረገው ሕግ ሊያደርገው የሚገባውን ነው ሲል ተከራከረ። ገዥውም መካከለኛውን መንገድ መረጠ፤ ሮሜዎ ከቬሮና እንዲሰደድ፣ በከተማዪቱ ውስጥ ቢገኝ እንዲሞት፣ ቤተሰቦቹም ከባድ የገንዘብ መቀጮ እንዲከፍሉ ፈረደ።

እንግዲህ የክርክራችን ጭብጥ ይህ ፍርድ ነበር። እኔ ያቀረብኋቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ዐዋጁ ሞት ስለ ነበር ስደት ምሕረት እንጂ ጭካኔ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቲባልት ጥፋተኛ ቢሆንም የሚፈርድበት ዳኛ ነበረ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት፣ ፍርድ የሌለበት ነገር ትንሽ ቢሆን እንኳ ሰውን ስለሚያንገበግበው ነው፤ ነፍስ ሲሆንማ ምን ይባላል! ሦስተኛ፣ ሮሜዎ ራሱን ለማዳን አልገደለም። ወዳጁ ሞቶ ካበቃ በኋላ ቲባልትን በገዛ ፈቃዱ ገጠመው።

ተቃዋሚዎቻችንም በቂ መልስ ነበራቸው። ሮሜዎ አስቦና ተዘጋጅቶ አልመጣም፤ እንዲያውም በዚያ አደባባይ ስለ ሰላም ለምኖ ነበር፤ ወዳጁ በዐይኑ ፊት፣ ያውም እርሱ ሊያስታርቅ በዘረጋው ክንድ ሥር ተወጋ፤ ቲባልትም ሰይፍ ይዞ ፊት ለፊት ተዋግቶ ወደቀ እንጂ ከኋላ አልተመታም አሉ።

ሁለቱን ወገኖች ለማመዛዘን የረዳኝ አንድ ነገር አለ። ሼክስፒር ይህን ታሪክ ከራሱ አላመነጨውም። አርተር ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1562 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ረጅም ግጥም ወሰደው። በብሩክ ግጥም መርኩሺዮ አይገደልም። ሮሜዎ ጠበኞችን ሲገላግል ቲባልት ራሱን ሮሜዎን ያጠቃዋል፤ ሮሜዎም ነፍሱን ለማዳን ይገድለዋል። ቅጣቱ ግን ያው ስደት ነው። ሼክስፒር ወዳጁን በማስገደል ራስን መከላከል የነበረውን ነገር በቀል አደረገው፤ ፍርዱን ግን እንዳለ ተወው። ስለዚህ በብሩክ ዘንድ ያለ ልክ ከባድ የነበረው ቅጣት በሼክስፒር ዘንድ ለጥፋቱ ቀረበ ማለት ነው። አንድ ቅጣት ከባድ ወይም ቀላል የሚባለው ከግድያው ምክንያት ጋር ሲመዘን እንጂ ለብቻው እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ነገሩ በእኛ አገር ሆኖ ቢሆንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አስቦ ሰው መግደልን በደረጃ ይለያል። አንቀጽ 539 ገዳዩ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ ወይም አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ ግድያ ሲሆን የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ያዝዛል። አንቀጽ 540 ተራ ለሆነው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይወስናል። አንቀጽ 541 ደግሞ ከባድ በሆነ መነሣሣት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም በብርቱ ስሜት ተገፋፍቶ የገደለውን ሰው ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይህን የመሰለ አከፋፈል ነበረው። እኔ የሮሜዎ ጠበቃ ብሆን 541ን፣ ዐቃቤ ሕግ ብሆን 540ን እጠቅሳለሁ። በሁለቱም ግን አንድ የማይለወጥ ነገር አለ፤ እስራቱ መጨረሻ አለው። የኤስካለስ ስደት ግን የተቈረጠ ዘመን የለውም። በክርክሩ ጊዜ «ምሕረት ነው» ያልሁት ፍርድ ይህ ጕድለት እንዳለበት ያን ዕለት አላስተዋልሁም።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። ማታ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቅዞ ስለ ነበር አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ክርክሩ በደስታ ነገርኋቸው፤ ታሪኩንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁላቸው። ዝም ብለው ሲሰሙ ቈይተው፦

«እናቱስ?» አሉኝ።

«የማን እናት፣ አባባ?»

«የተሰደደው ልጅ እናት ናታ! እርሷ ምን ሆነች?»

መልሱ አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ክርክር ከእኛም ከእነርሱም ወገን ስለ ሮሜዎ እናት አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። መጽሐፉን አምጥቼ ገለጥሁ። በመጨረሻው ትዕይንት፣ ሁሉም በመቃብሩ ቤት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ሞንታግ ሚስቱ በልጇ ስደት ኀዘን በዚያች ሌሊት መሞቷን ለገዥው ይናገራል። ይህን ስነግራቸው አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ከዚህ ቀደም ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር አወጉኝ።

አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው። በ1963 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው በመሬት ድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለ። ተያዘ፤ ተፈረደበት፤ ታሰረ። ነገር ግን ባለ ደሞቹ እስር ቤት ያለውን ሊያገኙት ስላልቻሉ ውጭ ያለውን ወንድሙን ይጠብቁ ጀመር። አያቴም ማንንም ሳይገድሉ በ22 ዓመታቸው በሌሊት አገራቸውን ጥለው በእግር ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገቡ። ዐሥራ አንድ ዓመት ወደ አገራቸው አልተመለሱም። በሰባተኛው ዓመት እናታቸው ሞቱ። መርዶው የደረሳቸው ከተቀበሩ ከወራት በኋላ ነበር። «ዳኛው ወንድሜን ፈርዶበታል፤ ጠቡን ግን አልዳኘውም» አሉኝ።

ጠቡን የዳኙት ሽማግሌዎች ናቸው። በሰሜን ሸዋ ይህ ሥርዓት «ደም ማድረቅ» ይባላል። ነፍስ በጠፋ ጊዜ ገዳዩና የቅርብ ዘመዶቹ በገበያም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ከባለ ደሞቹ ጋር እንዳይገናኙ ከአካባቢው ይርቃሉ። ይህ ርቀት ኀዘኑ እስኪበርድ ነው። ሽማግሌዎችና ካህናት በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ፤ ባለ ደሞቹ እንቢ ቢሉ ደግመው ደጋግመው ይሄዳሉ። እሺ ሲሉ የደም ካሣ ይወሰናል። የገዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ምሕረት ይለምናል። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ቂሙ እንዳይነሣ ምለው አብረው ይበላሉ። አያቴም የእናታቸውን መቃብር ለማየት የበቁት በ1974 ዓ.ም. ይህ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ይህን ስል ባህላችን እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በደል ያልሠራውን ዘመድ ጭምር ያሰድዳል፤ ካሣውንም ያስከፍላል። የሽማግሌ እርቅ የመንግሥትን ፍርድ ሊተካ አይችልም፤ ሊተካውም አይገባም። የሰው ነፍስ በካሣ ብቻ የሚታለፍ ከሆነ ባለጠጋው እንደ ልቡ ይገድላልና። ዳሩ ግን ከኤስካለስ ፍርድ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ያሳየናል። በእኛ አገር ሥርዓት ስደቱ የእርቅ መጀመሪያ ነው፤ በቬሮና ግን የነገሩ መደምደሚያ ሆነ። ገዥው ልጁን ካስወጣ በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ አስታራቂ እንኳ አልላከም። ገንዘብ ቀጣቸው እንጂ አላነጋገራቸውም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የዡልዬት እጮኛ የተባለው ፓሪስ፣ ሮሜዎ፣ ዡልዬትና የሮሜዎ እናት ሞቱ። ሞንታግና ካፑሌት እጅ ለእጅ የተጨባበጡት በልጆቻቸው ሬሳ ላይ ነው። ገዥውም በመጨረሻ ጠቡን ቸል ብሎ በማለፉ እርሱ ራሱ ሁለት ዘመዶቹን፣ መርኩሺዮንና ፓሪስን፣ እንዳጣ ተናግሮ ተጸጸተ።

ስለዚህ ጥያቄው ዛሬ ቢቀርብልኝ መልሴ እንዲህ ነው። ሮሜዎ መቀጣቱ ትክክል ነው፤ በቀል ምክንያት ቢኖረውም ነፍስ ማጥፋት ነውና። በሞት አለመቀጣቱም ትክክል ነው፤ ልቡ ተቃጥሎ ያደረገውን፣ አድብቶ ከሚገድል ሰው ሥራ ጋር እኩል ማየት አይገባምና። ነገር ግን ፍርዱ ሙሉ አይደለም። ለስደቱ ዘመን አልተቈረጠለትም፤ ለባለ ደሞቹ እንባ አባሽ አልተላከም፤ ያልበደሉትን እናቶች ያሰበ ሰውም አልነበረም። ቅጣት ገዳዩን ይመለከታል፤ ደሙን ለማድረቅ ግን ከቅጣቱ በኋላ የሚሠራ ሌላ ሥራ አለ።

ውድ የክፍል ጓደኞቼ፣ ያን ቀን ለእኔ ወገን እጃችሁን ስላነሣችሁ አመሰግናለሁ። ሆኖም ክርክሩ ተደግሞ ቢደረግ አስቀድሜ ስለ ሮሜዎ እናት አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። መምህራኖቼም በሕጉም ሆነ በተውኔቱ አተረጓጐም የተሳሳትሁት ነገር ካለ እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።