የአንዲት ነጥብ ጉድለት፦ የዶሜይን ስም መዝገብ አያያዝ በዩኒክስ ሰርቨሮች ላይ

ጥቅምት 2 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2009) ምሽት በስዊድን በርካታ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች የጋዜጦችን፣ የኩባንያዎችንና የመሥሪያ ቤቶችን ድረ ገጾች ለመክፈት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ድረ ገጾቹን የያዙት ሰርቨሮች አልተበላሹም፤ የመገናኛ መስመሩም አልተቋረጠም። ለችግሩ መንስኤ የሆነው የአገሪቱን የኢንተርኔት ስሞች መዝገብ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በመደበኛ የጥገና ሥራ ወቅት በስሞቹ መጨረሻ ላይ መቀመጥ የሚገባትን አንዲት ነጥብ ሳያስቀምጥ መቅረቱ ነበር። በወቅቱ ዶት ኤስኢ በተሰኘው የስዊድን መለያ ሥር 900 ሺህ ያህል ስሞች ተመዝግበው ይገኙ ነበር።

ስህተቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ጊዜ ውስጥ ተለይቶ ቢታረምም ችግሩ በዚያው አላበቃም። የተሳሳተውን መልስ አስቀድመው የተቀበሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ሰርቨሮች መልሱን በጊዜያዊ ማኅደራቸው ይዘው በመቆየታቸው፣ ማኅደሩ እስኪጸዳ ወይም የተወሰነለት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የደንበኞቻቸው መጉላላት ቀጥሎ ነበር። ክስተቱ የዶሜይን ስም መዝገብ አያያዝ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ሰነድ ኃላፊነት፣ ሥርዓትና ቁጥጥር የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አመልክቷል።

ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት አማካይነት የሚገናኙት በቁጥር በተጻፈ አድራሻ ነው። ሰዎች የሚያስታውሱት ግን ቁጥሩን ሳይሆን ስሙን ነው። አንድ ባለጉዳይ የአንድን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አድራሻ በስም ሲጽፍ፣ ያን ስም ለምሳሌ 192.0.2.10 ወደሚል የቁጥር አድራሻ የሚመነዝርለት አካል ያስፈልጋል። ይህንን ተግባር የሚያከናውነው አሠራር የዶሜይን ስም ሥርዓት በመባል ይታወቃል። አገልግሎቱ ለድረ ገጽ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚላክ የኢሜይል መልእክትም የሚደርስበትን ሰርቨር የሚያውቀው ከዚሁ መዝገብ ነው። በመሆኑም መዝገቡ ሲሳሳት ድረ ገጹም ኢሜይሉም በአንድነት ይጠፋሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩ በእጅጉ የተለየ ነበር። የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው የአሜሪካው አርፓኔት የመረጃ መረብ ላይ የነበሩ የኮምፒዩተሮች ስምና ቁጥር በሙሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይያዝ ነበር። እያንዳንዱ ተቋም ይህንኑ ፋይል በየጊዜው እየገለበጠ ይጠቀም ነበር። የኮምፒዩተሮቹ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ግን ፋይሉን በአንድ ማዕከል ማስተካከልና ለሁሉም ማዳረስ አዳጋች ሆነ። ይህንኑ ለመፍታት ፖል ሞካፔትሪስ የተባሉ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 መዝገቡ ለብዙ አካላት ተከፋፍሎ የሚያዝበትን ሥርዓት ነደፉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ተሻሽለው የወጡት የሥርዓቱ መመዘኛዎች ዛሬም የአገልግሎቱ መሠረት ናቸው።

በአዲሱ ሥርዓት መዝገቡ ዞን በተባሉ ክፍሎች የተደራጀ ነው። ቃሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የአስተዳደር እርከንን የሚያስታውስ ሲሆን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለው ትርጉምም ከዚያ እምብዛም የራቀ አይደለም። ከሁሉም በላይ ያለው ሥር ተብሎ የሚጠራው እርከን የእያንዳንዱን ስም ዝርዝር አይዝም። የአገር መለያዎችንና ሌሎች ዋና ዋና መለያዎችን የሚያስተዳድሩ ሰርቨሮች የት እንደሚገኙ ብቻ ይጠቁማል። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ዶት ኢቲ የተሰኘው መለያ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመዘገበ ሲሆን፣ በሥሩ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለየ ክፍል አለው። እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ ላለው አካል ሥልጣኑን በውክልና ያስተላልፋል፤ ውክልናውን የተቀበለው አካልም ለዞኑ ትክክለኛነት ራሱ ተጠያቂ ይሆናል።

ይህንን ሥራ ከሚያከናውኑ ሶፍትዌሮች መካከል በስፋት የሚታወቀው ቢንድ የተሰኘው ፕሮግራም ነው። ቢንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለዩኒክስ ሲስተም የተጻፈ ነው። ዘጠነኛው ትውልዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሲሆን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየጊዜው እየታደሰ ይገኛል። ፕሮግራሙ በዩኒክስም ሆነ የዩኒክስን አሠራር በሚከተለው ሊኑክስ ላይ ኔምድ በሚል ስም ዘወትር ከበስተጀርባ እየሠራ ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

የቢንድ የመረጃ ቋት በተለመደው አሠራር ውስብስብ ሶፍትዌር የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ ዞን ማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ሊከፍተው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይያዛል። በፋይሉ ውስጥ የሚገኙት መዝገቦች በዓይነት የተለዩ ናቸው። ኤ የተባለው መዝገብ ስምን ከቁጥር አድራሻ ጋር ያገናኛል፤ ኤንኤስ የዞኑን ኃላፊ ሰርቨሮች ይገልጻል፤ ኤምኤክስ የኢሜይል መልእክት የሚቀበለውን ሰርቨር ያመለክታል፤ ሲኔም ደግሞ ለአንድ ስም ተለዋጭ ስም ይሰጣል። በፋይሉ አናት ላይ የሚቀመጠው ኤስኦኤ የተባለው መዝገብ የዞኑን ባለቤትነትና የሥራ ደንብ ይይዛል።

ስዊድንን ለችግር የዳረገችው ነጥብ የምትገኘው በዚህ ፋይል ውስጥ ነው። አንድ ስም በነጥብ ካለቀ ቢንድ ስሙ የተሟላ መሆኑን ይረዳል። ነጥቧ ከሌለች ግን ስሙ እንዳልተሟላ ቆጥሮ የዞኑን ስም ከመጨረሻው ላይ ይቀጥልበታል። በዚህም ምክንያት በዶት ኤስኢ የሚያበቃ የሰርቨር ስም ነጥቧ ስትዘነጋ መጨረሻው ዶት ኤስኢ ዶት ኤስኢ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ሰርቨር በዓለም ላይ ስለማይኖር ጥያቄው መልስ ያጣል። ፕሮግራሙ ስሙን በደንቡ መሠረት ያነበበ በመሆኑ የስህተት ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ መቻሉ ደግሞ ጉድለቱን በቀላሉ እንዳይታይ ያደርገዋል።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ከተከታታይ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። መዝገብ ቤት ለእያንዳንዱ ወጪ ደብዳቤ ቁጥር እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ዞኑም በተሻሻለ ቁጥር በኤስኦኤ መዝገብ ውስጥ ያለው ቁጥር ማደግ ይኖርበታል። ብዙ አስተዳዳሪዎች ዓመትን፣ ወርን፣ ቀንንና የዕለቱን የለውጥ ተራ በማቀናጀት 2009101201 እንደሚል ባለ 10 አኃዝ ቁጥር ይጠቀማሉ። ረዳት ሰርቨሮች አዲስ ቅጂ የሚወስዱት የዋናው ሰርቨር ቁጥር ከያዙት በልጦ ሲያገኙት ብቻ ነው። ባለሙያው መዝገቡን አስተካክሎ ቁጥሩን ማሳደግ ከዘነጋ ዋናው ሰርቨር አዲሱን፣ ረዳቶቹ ደግሞ አሮጌውን መልስ ይሰጣሉ። አንዱ ባለጉዳይ ድረ ገጹን ሲያገኝ ሌላው የሚያጣበት፣ ምክንያቱም በቀላሉ የማይታወቅበት ሁኔታ የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው።

ለአንድ ዞን ቢያንስ ሁለት ሰርቨሮች መመደባቸው የተለመደ አሠራር ቢሆንም ቁጥራቸው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኢንተርኔት የአሠራር መመሪያ ሰርቨሮቹ በመልክዓ ምድርም ሆነ በመገናኛ መስመር ተራርቀው እንዲቀመጡ ይመክራል። ምክሩን መዘንጋት የሚያስከትለውን ጉዳት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 በማይክሮሶፍት ኩባንያ ላይ የደረሰው ችግር አሳይቷል። የኩባንያው አራት የስም ሰርቨሮች በአንድ የኔትወርክ ክፍል ላይ ተቀምጠው ስለነበር፣ በመረጃ ማስተላለፊያ መሣሪያዎች ላይ የተደረገ አንድ የተሳሳተ ማስተካከያ ዋና ዋና ድረ ገጾቹ ለአንድ ቀን ገደማ እንዳይገኙ አድርጓል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ደግሞ የፌስቡክ ኩባንያ የስም ሰርቨሮች በጥገና ወቅት በተፈጠረ ስህተት ከኢንተርኔት በመለየታቸው አገልግሎቶቹ ለስድስት ሰዓታት ያህል ተቋርጠው ነበር።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የመልስ ቆይታ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ ሌሎች ሰርቨሮች መልሱን ለምን ያህል ሰከንድ ይዘው ሊቆዩ እንደሚችሉ ይገልጻል። ይህ ጊዜ 86,400 ሰከንድ ከሆነ አሮጌው አድራሻ ከተለወጠ በኋላም ለአንድ ሙሉ ቀን ሊሠራበት ይችላል። ስለሆነም ድረ ገጹን ወይም የኢሜይል አገልግሎቱን ወደ አዲስ ሰርቨር ለማዛወር ያቀደ መሥሪያ ቤት የቆይታ ጊዜውን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ለምሳሌ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ማድረግ፣ ዝውውሩ በትክክል መከናወኑን ካረጋገጠ በኋላም ወደነበረበት መመለስ ይጠበቅበታል። አሮጌውን ሰርቨር በዕለቱ ከመዝጋት መቆጠብም የመሸጋገሪያው ሥራ አካል ነው።

እነዚህን ስህተቶች ለመከላከል የሚያስችሉ መሣሪያዎች ከቢንድ ጋር አብረው ይቀርባሉ። ኔምድ ቼክኮንፍ የተባለው ትዕዛዝ የፕሮግራሙን ማዋቀሪያ ፋይል፣ ኔምድ ቼክዞን የተባለው ደግሞ የዞኑን ፋይል ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይመረምራሉ። ሁለቱ ምርመራዎች ካለፉ በኋላ አርኤንዲሲ በተሰኘው የመቆጣጠሪያ ትዕዛዝ ፕሮግራሙን ሳያቋርጡ አዲሱን ዞን ማስነበብ ይቻላል። በመጨረሻም ዲግ በተባለው የመጠየቂያ ትዕዛዝ ዋናውንና ረዳት ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ በመጠየቅ ተመሳሳይ መልስና ተመሳሳይ ተከታታይ ቁጥር መስጠታቸው ይረጋገጣል። መሣሪያዎቹ የአጻጻፍ ጉድለትን ቢያሳዩም በትክክል የተጻፈ ነገር ግን የተሳሳተ አድራሻን ስለማይለዩ፣ ለውጡን ከጸሐፊው ሌላ አንድ ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ጠቃሚ ነው።

የመዝገቡን ደኅንነት መጠበቅም የአስተዳደሩ አካል ነው። ኔምድ በዩኒክስ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም ሳይሆን ለዚሁ በተከፈተ ውስን ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም እንዲሠራ ማድረግ፣ የዞኑን ሙሉ ቅጂ የሚወስዱትን ረዳት ሰርቨሮች ለይቶ መወሰን፣ ፕሮግራሙንም በወቅቱ ማደስ ከመሠረታዊ ጥንቃቄዎች መካከል ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የደኅንነት ተመራማሪው ዳን ካሚንስኪ ሐሰተኛ መልስ በሰርቨሮች ማኅደር ውስጥ ለማስገባት የሚያስችል ክፍተት መኖሩን ይፋ ማድረጋቸው ለሥራው የተሰጠውን ትኩረት ከፍ አድርጎታል። መልሶችን በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጠው ዲኤንኤስሴክ የተሰኘው አሠራር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 በሥር እርከኑ ላይ ተግባራዊ ሆኗል። ፊርማው የሚያገለግልበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ በወቅቱ ካልታደሰ ትክክለኛው መዝገብ ራሱ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል።

ከቴክኒኩ ጎን ለጎን የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በቀጥታ የሚመለከቱ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው ዞኑን የሚያስተዳድር ባለሙያና ተተኪውን በግልጽ መመደብ ነው። የይለፍ ቃሉንም ሆነ የአሠራሩን ዕውቀት አንድ ሠራተኛ ብቻ ይዞት ሥራ ሲለቅ ወይም ሲዛወር መሥሪያ ቤቱ በራሱ ስም ላይ ማዘዝ የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል። ስለዚህ የዞኑ ፋይሎች፣ የይለፍ ቃሎችና ከመዝጋቢው አካል ጋር የተደረጉ የጽሑፍ ልውውጦች እንደ ተሽከርካሪና እንደ ማኅተም ሁሉ በርክክብ ሰነድ ውስጥ መካተት ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ለመዝጋቢው አካል የሚሰጠው የኢሜይል አድራሻ የግለሰብ ሳይሆን የሥራ ክፍሉ እንዲሆን ማድረግ ሲሆን፣ አድራሻው በዚያው ዞን ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነ ዞኑ በተበላሸ ጊዜ ማስጠንቀቂያው ራሱ እንደማይደርስ መገንዘብ ያሻል። ሦስተኛው እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼና ለምን እንዳደረገው የሚገልጽ መዝገብ መያዝ ነው። የዞን ፋይል ተራ ጽሑፍ በመሆኑ የለውጦችን ታሪክ በሚይዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ማስቀመጥና ስህተት ሲገኝ ወደ ቀድሞው ቅጂ መመለስ ቀላል ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ዞን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ገጾች ስለማይበልጥ ቅጂውን ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ቦታ ማስቀመጥም ይህ ነው የሚባል ወጪ አይጠይቅም።

በአሁኑ ወቅት የጨረታ ማስታወቂያ፣ የፈቃድ ማመልከቻና የመሥሪያ ቤቶች የደብዳቤ ልውውጥ ወደ ኢንተርኔት እየተሸጋገሩ ይገኛሉ። አገልግሎቱ በስፋት ባደገ መጠን የመሥሪያ ቤቱ ስም በመዝገቡ ላይ በትክክል መስፈሩ የባለጉዳዩን መብት የሚነካ ጉዳይ ይሆናል። የጨረታ ሰነዱን በቀነ ገደቡ ዕለት ለመላክ የሞከረ ተጫራች የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ቢያጣው ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ማስረዳት ይቸግረዋል። የስዊድን ልምድ የሚያስገነዝበውም ይህንኑ ነው። በሚገባ የተደራጀ ተቋም እንኳ በአንዲት ነጥብ ሊሳሳት ይችላል፤ ስህተቱ በፍጥነት ሊታረም የሚችለው ግን መዝገቡን የሚከታተል፣ የቀድሞውን ቅጂ የያዘና ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ኃላፊ አስቀድሞ ተመድቦ ሲገኝ ነው።