የዲላ ዩኒቨርሲቲ ዕቅድ ውጤቱ የሚታየው ቡና ማሳ ውስጥ ነው

የዩኒቨርሲቲ ዓመታዊ ሪፖርት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ይህን ያህል ሥልጠና ተሰጠ፣ ይህን ያህል ጥናት ተካሄደ፣ ይህን ያህል የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ከዚያ አፈጻጸሙ በመቶኛ ይቀመጥና ጭብጨባ ይከተላል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ግን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ የተሠራው ሥራና የመጣው ለውጥ ለየቅል ናቸው። ችግኝ መትከል ሥራ ነው። ለውጡን የምታውቁት ስንቱ ጸደቀ ብላችሁ ስትጠይቁ ነው።

ዛሬ በዚህ ዓይን ዲላ ዩኒቨርሲቲን እንየው።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1988 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ጀመረ። ቆይቶ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን ቻለ። ዛሬ ምህንድስና አለው፣ ግብርና አለው፣ ሪፈራል ሆስፒታል አለው። ግቡ መስፋፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ተሳክቷል» ብለን እዚሁ ማቆም እንችል ነበር።

ችግሩ፣ የመስፋፋት ዘመን አልፏል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ስለዚህ አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ «ስንት ተማሪ ተቀበልኩ» ብሎ መኩራራት አይችልም። «ማንን ጠቀምኩ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ዲላ መልሱን ሩቅ ሄዳ መፈለግ የለባትም፤ ደጃፏ ላይ ነው ያለው። በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ ስትሄዱ በመስኮት የምታዩት ነገር ጫካ ይመስላል። ግን የሰው ማሳ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በመሀል ቡና። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ለዘመናት የቆየ አሠራር ነው።

ቅርስ መሆኑ ደስ ይላል፣ ግን በራሱ እራት አይሆንም። ጌዴኦ ሕዝብ በጣም የተጠጋጋበት አካባቢ ነው። ማሳው ትንሽ ነው፤ አባት ለልጆቹ ሲያካፍለው ደግሞ የባሰ ያንሳል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ወይ ባጃጅ ይነዳል፣ ወይ ሻንጣውን ይሸክፋል። መሬቱን ማስፋት አይቻልም። የሚቻለው ከዚያችው ማሳ የሚገኘውን ገቢ ማሳደግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዕውቀት ያስፈልጋል።

አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ልስጣችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ፍሬ ነገሩ አልተቀየረም፤ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ በካርታ ላይ መታየት አለበት። ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም የቱንም ያህል ቢከበር፣ የማሳው መገኛ ያልታወቀ ቡና በዚያ ገበያ ይቸገራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ከአራት ሄክታር ለማያልፍ ማሳ ሕጉ የሚጠይቀው አንድ የመገኛ ነጥብ ነው። እሱን ደግሞ አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክ ያወጣዋል! ከባዱ ሌላው ነው፤ ሳተላይት ከላይ ሲያይ ጫካንና በጥላ ሥር ያለ ቡናን መለየት ይቸግረዋል። «ይሄ የተመነጠረ ደን አይደለም፣ ከአያት የወረስነው ማሳ ነው» ብሎ በማስረጃ የሚናገር ባለሙያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከገበሬው ጋር አብሮ ለመሥራት ከዲላ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ ማን አለ?

ስለዚህ የሚቀጥለውን ሪፖርት ስታነቡ ከመቶኛው ይልቅ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያዙ። በምርምሩ ምክንያት የስንት ገበሬ ገቢ ጨመረ? ስንት ተመራቂ እዚያው አካባቢ ሥራ አገኘ ወይም ፈጠረ? ከጥናቶቹ ስንቶቹ ማሳ ድረስ ወረዱ?

እኔ ራሴ ለመመረቂያ የጻፍኩት ጥናት (የት እንደተማርኩ ልተወው) ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ያጠናኋቸው ገበሬዎች ምን እንዳገኘሁ እስከ ዛሬ አልሰሙም። በኔ ሪፖርት ላይ ግን «ተጠናቋል» ነው የሚለው። ጌዴኦ ውስጥ ጥናታችሁን የምትሠሩ ተማሪዎች ካላችሁ፣ አደራ፣ ከመጠረዙ በፊት ወደ ገበሬው ተመለሱና ንገሩት።